መዶሻ ፍለጋ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የአንድ መዶሻ ነገር ላጫውታችሁ።

አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ጊዜው ኅዳር 7 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1992። ሳፎክ ውስጥ ሆክሰን በምትባል መንደር አቅራቢያ፣ ፒተር ዋትሊንግ የሚባል ገበሬ ማሳ ላይ መዶሻው ጠፋበት። መዶሻ ስንት ነው ትሉ ይሆናል። እጅ የለመደው ዕቃ ሲጠፋ ግን አዲሱ አያጽናናም። ለወዳጁ ለኤሪክ ሎውስ ነገረው። ኤሪክ ጡረታ የወጣ አትክልተኛ ነበር፤ ሥራ ሲያቆም የብረት መፈለጊያ ዲቴክተር በስጦታ ተሰጥቶት፣ በየማሳው እያዞረ ማስጮህ ልማዱ ሆኖ ነበር።

የዚህ ነገር ሱሰኞች ከማሳው ሌላ ወና የቤት ፍራሽም ያነፈንፋሉ። ደጃፉ በየት በኩል ነበር? ውሃው ከየት ይቀዳ ነበር? በፀሐይ ሰው የሚጠለለው የትኛው ዛፍ ሥር ነበር? ሳንቲም ከኪስ የሚያመልጠው ሰው በተቀመጠበትና በጎነበሰበት ነዋ! መሣሪያው እንደሆነ ከዘንጉ ጫፍ ባለው የሽቦ ጥቅል ወደ መሬት ማግኔታዊ ኃይል ይልካል፤ ከሥር ያለው ብረት ሲመልስለት ጆሮ ላይ ይጮኻል። ምንነቱን ግን አይናገርም። ሚስማርም ይጮኻል፣ ቆርኪም ይጮኻል፣ ወርቅም ይጮኻል።

ኤሪክ የዚያን ዕለት ሳንቲም አላማረውም፤ መዶሻ ነው የፈለገው። ጩኸቱን ተከትሎ ጫር ጫር ሲያደርግ የብር ማንኪያ ብቅ አለ። ቀጥሎ የወርቅ ጌጥ። ከዚያማ ሳንቲም፣ አሁንም ሳንቲም! ሁለት ፌስታል ሞላ።

እዚህች ላይ ልብ በሉልኝ። እኔ ብሆን አካፋዬን አፈጥን ነበር፤ አልዋሽም። እሱ ግን መቆፈሩን ትቶ ለሚመለከታቸው አስታወቀ። በነጋታው አርኪዮሎጂስቶች መጡና ወሬው ሳይዛመት ሀብቱን አወጡት። ዕቃው ከአቀማመጡ ስላልተናጋ፣ እንጨቱ በስብሶ ቢያልቅም ሀብቱ ሣጥን ውስጥ እንደነበረ፣ ምኑ ከምኑ ጋር እንደተደረደረ ታወቀ። ትንንሽ የብር ጓጉንቸሮች ሳይቀሩ ተገኙ፤ የቆለፏቸው ሣጥኖች አፈር ሆነዋል።

ሳንቲሙ ሲቆጠር ከ14,800 በለጠ። ከ500 በላዩ ወርቅ፣ ከጥቂት ነሐስ በቀር ሌላው ብር። ብሩን ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ ብታዩት፣ የአብዛኛው ጠርዝ ዙሪያውን ተከርክሟል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ፊት ግን አልተነካም! ከርካሚው እየሰረቀም ንጉሡን ያከብራል። የሮም ግዛት ወደነበረችው ብሪታንያ አዲስ ገንዘብ መምጣቱ እየቀረ ስለነበር፣ ቅርፍራፊውን አቅልጠው ሌላ ሳንቲም ይመቱበት ነበር። ከሁሉ የኋለኞቹ ሳንቲሞች በፈረንጆቹ 407 የብሪታንያ ጦር ያነገሠው የቆስጠንጢኖስ 3ኛ ናቸው፤ ሣጥኑ የተቀበረው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው።

ከዕቃው መሐል በሴት አምሳል የተሠራ የቁንዶ በርበሬ መነስነሻም አለ። ቁንዶ በርበሬው ከህንድ በቀይ ባሕር የሚሻገር ነበር፤ በዚያው ባሕር የአዱሊስን ወደብ የያዘችው አክሱምም በዘመኑ የራሷን የወርቅ ገንዘብ ትመታ ነበር። አንዱ የወርቅ አምባር ላይ ደግሞ ለእመቤት ዩሊያና በደስታ እንድታጠልቀው የሚመኝ ጽሑፍ አለ። ቀባሪዎቹ ግን አልተመለሱም።

ለኤሪክ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለው። ሕጉ ሳያስገድደው ከገበሬው ጋር ተካፈለ።

መዶሻውሳ? ተገኘ እንጂ! ግን ብሪቲሽ ሙዚየም ከወርቁ ጋር አብሮ አስገባው። እንግዲህ ፒተር ሚስማር የሚመታበትን ሌላ ይፈልግ።