ለአነስተኛ ንግድ የድረ ገጽ መድረክ አመራረጥ፦ የአቡ ዓሪሽ ገበያ እንደ ማሳያ

ሱቁን ወደ ድረ ገጽ ለማሸጋገር የሚያስብ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ወርኃዊ ዋጋና ስለ ገጹ ውበት ነው። ይሁንና መድረክ መምረጥ ማለት የሽያጩ ገንዘብ በማን በኩል እንደሚያልፍ፣ የደንበኞች ዝርዝር በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ የንግዱ ስምም የማን ንብረት እንደሚሆን መወሰን ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በጂዛን ክልል የምትገኘው የአቡ ዓሪሽ ገበያ ይህን በግልጽ ያሳያል።

ሸቀጡ መድረኩን ይወስናል

አቡ ዓሪሽ ከጂዛን ከተማ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቲሃማ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው በሰሊጥ ዘይት፣ በማንጎ፣ በማርና በዐረብኛ «ፉል» በሚባል ነጭ፣ መዓዛው የሚያውድ አበባ ይታወቃል። ስሙ ከባቄላው ፉል ጋር ቢመሳሰልም የጃስሚን ዝርያ የሆነ አበባ ሲሆን፣ እየተጎነጎነ ለሠርግና ለበዓል ጌጥ ይውላል። ከክልሉ ተራሮች ደግሞ ኸውላኒ የተባለው ቡና ይወርዳል፤ የዚህ ቡና አመራረት ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እነዚህ ሸቀጦች አንድ ዓይነት መደብር አይፈልጉም። የፉል ጉንጉን ቶሎ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ሻጩ የሚያስፈልገው ትዕዛዝ የሚቀበልበትን ሰዓት የሚገድብና ማድረሻውን በአቅራቢያ ባሉ ከተሞች ብቻ የሚወስን መድረክ ነው። ቡናና የሰሊጥ ዘይት ግን ሳይበላሹ ሪያድና ጅዳ ይደርሳሉ፤ ለእነርሱ የማጓጓዣ ዋጋን በክብደት የሚያሰላና ከዕቃ አድራሽ ድርጅቶች ጋር የተሳሰረ ሥርዓት ይሻላል። የማንጎ ነጋዴ ሽያጩ ወቅታዊ በመሆኑ፣ የዓመት ውል ከመግባቱ በፊት በወር የሚከፈል አማራጭ መኖሩን ማረጋገጥ ይጠቅመዋል። በቀን ሁለት ሦስት ትዕዛዝ ብቻ የሚቀበል ሻጭ ደግሞ በዋትሳፕ የንግድ ገጽ ጀምሮ ገበያውን ቢፈትሽ የሚጎዳው ነገር የለም።

ሦስት ዋና ዋና አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ለአገሩ ገበያ ተብለው የተሠሩት መድረኮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ2016 በመካ የተመሠረተው «ሰላ» እና በ2017 በሪያድ የተመሠረተው «ዚድ» በስፋት ይታወቃሉ። በዐረብኛ የመጀመሪያው ስም «ቅርጫት»፣ ሁለተኛው «ጨምር» ማለት ነው። ገጻቸው ከመነሻው በዐረብኛ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የተሰናዳ ሲሆን፣ ከአገሩ የክፍያና የዕቃ ማድረሻ አገልግሎቶች ጋርም ተገናኝቷል። በአንጻሩ ነጋዴው የገጹን ቅርጽና አሠራር መለወጥ የሚችለው መድረኩ በፈቀደለት ልክ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ኦታዋ እንደተመሠረተው «ሾፒፋይ» ያሉ ዓለም አቀፍ መድረኮች ናቸው። ተጨማሪ መተግበሪያዎቻቸው ብዙ ናቸው፤ ወደ ውጭ አገር ለሚሸጥም ያመቻሉ። ነገር ግን ነጋዴው በሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት ፈንታ የሌላ ድርጅት ሲጠቀም፣ እንደ ጥቅሉ ደረጃ ከእያንዳንዱ ሽያጭ እስከ 2 በመቶ ተጨማሪ ኮሚሽን ሊጠየቅ ይችላል። በወር 20,000 ሪያል ለሚሸጥ መደብር ይህ ከወርኃዊው ክፍያ በላይ 400 ሪያል ማለት ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችለው ክፍት ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ወርድፕረስ» እና በ2011 የተጨመረለት የመደብር ቅጥያ «ዉኮመርስ» የዚህ ምሳሌ ናቸው። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ ሆኖም የሰርቨር ኪራይ፣ የደኅንነት ማሻሻያና የመጠባበቂያ ቅጂ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። የሚያምነው ባለሙያ ላለው ነጋዴ ሰፊ ነፃነት ይሰጣል፤ ለሌለው ግን ገጹ በተበላሸ ቁጥር ሽያጭ ይቆማል።

ገንዘቡ በማን በኩል ያልፋል?

በሳዑዲ ዐረቢያ የባንክ ካርድ ክፍያ በአብዛኛው የሚካሄደው «ማዳ» በተባለው ብሔራዊ መረብ ነው። ማዳን የማይቀበል መደብር ደንበኛውን ከክፍያው በር ላይ ይመልሰዋል። ስለዚህ ነጋዴው ከመመዝገቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ማስመለስ አለበት፦ ከእያንዳንዱ ክፍያ ስንት ይቆረጣል? ገንዘቡ በስንት ቀን ወደ ባንክ ይገባል? የሚገባውስ በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው? ዕቃ ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ መክፈልን የሚፈቅድ ሻጭም፣ ገዢው አልቀበልም ያለውን ዕቃ የማመላለሻ ወጪ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ማስላት ይኖርበታል።

ሕጉ የሚጠይቀው

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሳዑዲ የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ መደብሩ ስሙን፣ አድራሻውንና መገኛውን እንዲገልጽ፣ የንግድ ምዝገባ ካለው ቁጥሩን እንዲያሳይ ያስገድዳል። ገዢው ዕቃውን በተረከበ በ7 ቀናት ውስጥ፣ እስካልተጠቀመበት ድረስ፣ ግዢውን መሰረዝ ይችላል፤ በገዢው ልዩ ትዕዛዝ የተሠራ ዕቃ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ማድረሱ ከ15 ቀናት በላይ ከዘገየም፣ በሌላ ጊዜ ካልተስማሙ በቀር፣ ገዢው ገንዘቡን የማስመለስ መብት አለው። ሕጉን የሚጥስ መደብር እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ሊቀጣ ወይም ሊታገድ ይችላል። በዋትሳፕ የሚሸጥ ሰውም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15 በመቶ ሲሆን፣ ታክስ የሚከፈልበት ዓመታዊ ሽያጩ ከ375,000 ሪያል በላይ የሆነ ንግድ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ለታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ መስጠት ስለሚጠበቅበት፣ የሚመርጠው መድረክ ይህን ደረሰኝ በሚፈለገው መልክ ማውጣት መቻሉን ማጣራት ይገባዋል።

በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው በዐረብኛ «ተሰቱር» የሚባለው፣ የውጭ አገር ሰው ያለ ፈቃድ በሳዑዲ ዜጋ ስም ተሸፍኖ የሚያካሂደው ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ ለዚህ ድርጊት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ይደነግጋል፤ ቅጣቱም ስሙን ባዋሰውና በተጠቀመው ላይ ያርፋል። በኢቃማው መሠረት በደመወዝ ተቀጥሮ የመደብሩን ገጽ ማስተዳደር አንድ ነገር ነው፤ መደብሩን በሌላ ሰው መታወቂያ ከፍቶ ትርፉን መውሰድ ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ደግሞ ገንዘቡ ለማን እንደደረሰ የሚያሳይ መዝገብ ይተዋል።

ስሙና የደንበኞች ዝርዝር

ጎግል ለአነስተኛ ንግዶች በነፃ ይሰጥ የነበረውን የድረ ገጽ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ዘግቷል። የራሳቸው ዶሜይን የነበራቸው ነጋዴዎች አድራሻቸውን ይዘው ወደ ሌላ መድረክ መዛወር ቻሉ፤ በኩባንያው አድራሻ ብቻ ይጠቀሙ የነበሩት ግን ደንበኞቻቸው የለመዱትን አድራሻ አጡ። ስለሆነም ዶሜይኑ በመድረኩ ወይም ገጹን በሠራው ባለሙያ ስም ሳይሆን በንግዱ ባለቤት ስምና ኢሜይል መመዝገብ አለበት። የዕቃዎች፣ የትዕዛዞችና የደንበኞች መዝገብ በፋይል ወጥቶ መወሰድ መቻሉም ከክፍያ በፊት ይሞከር። ያ መዝገብ የሰዎችን ስልክና አድራሻ የያዘ በመሆኑ በግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሥር ይወድቃል፤ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ያስጠይቃል።

ቋንቋና ፊደል

ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋሉ። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማዋል የሚፈልግ መደብር መድረኩ ለየቋንቋው የተለየ ገጽ መስጠቱን ይመልከት። የግዕዝ ፊደል የሌለው ቅርጸ ፊደል በተመረጠበት ገጽ ላይ የአማርኛው ጽሑፍ በባዶ ሳጥኖች ሊተካ ይችላል። ሙከራው በርካሽ ስልክ ላይ ቢደረግ ይመረጣል፤ አብዛኛው ገዢ የሚገባው በስልክ ነውና።

በኢትዮጵያ

ተመሳሳይ ጥያቄዎች በኢትዮጵያም ይነሣሉ፤ የሚለወጡት መልሶቹ ናቸው። በዚያ ሕጉ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሲሆን፣ በማዳ ፈንታ የሚታሰበው እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የአገር ውስጥ ባንኮች ክፍያ ነው። በጂዛን የተሳካ መድረክ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ክፍያ መቀበል ካልቻለ መደብር መሆኑ ይቀርና ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል።

በጠቅላላው የምርጫው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ በማን ስምና በምን ፈቃድ እንደሚነገድ፣ ቀጥሎ ክፍያው፣ ከዚያ ዕቃ ማድረሱ፣ ከዚያም መዝገብን ይዞ የመውጣት ነፃነት፣ በመጨረሻ ዋጋውና ውበቱ። መደብሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ እንደ ገዢ አንድ ዕቃ አዝዞ፣ ከፍሎና መልሶ ገንዘቡ እስኪመለስለት ቢጠብቅ የመድረኩን ጥንካሬና ድክመት ከማንኛውም ማስታወቂያ በተሻለ ይረዳል።