ከጊች ደጋ ወደ ደባርቅ፦ ካሳው ያልቆጠረው ርቀት

በሰኔ 2008 ዓ.ም በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እምብርት የነበረችው የጊች መንደር ባዶ ሆነች። ከ400 በላይ አባወራዎች ዕቃቸውን ጭነው፣ ከብታቸውን ነድተው፣ በደባርቅ ከተማ ዳርቻ ወደ ተመራላቸው ቦታ ወረዱ። ለአብዛኞቹ ይህ በከተማ የሚኖራቸው የመጀመሪያ ቤት ነበር። የትም ከተማ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይመዝናል፦ ዋጋው ከአቅሙ ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ከመከራየት ይሻል እንደሆነ፣ ከሥራው ምን ያህል እንደሚርቅ። የጊች ሰዎችም እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ፊታቸው ቆመው ነበር። ሁለቱ በብር ተሰልተው መልስ አገኙ። ሦስተኛውን ማንም አላሰላላቸውም።

ጊች ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ደጋ ነው። ከሳንቃበር የጎብኚ ካምፕ በእግር የሚመጣ ሰው የጂንባርን ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ይደርስበታል። ከመንደሩ በላይ ጓሳውና ጅብራው የሞላው ሜዳ አለ፤ ከዚያ አልፎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እሜት ጎጎ ገደሉ ላይ ቆሟል። በዚህ ብርድ የሚያዋጣው እህል ገብስ ነው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑት የመንደሩ ነዋሪዎች ገብስ ይዘሩ፣ በግና ከብት ያረቡ፣ በቅሎና ፈረስ ያሳድጉ ነበር። ጎብኚ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በቅሎ ማከራየትና ጓዝ መጫን ተጨማሪ ገቢ ሆኖላቸው ነበር።

ቤቱ ከሥራው አጠገብ ነበር። ገበሬው ከደጁ ወጥቶ ማሳው ውስጥ ይገባል፤ ከብቱ ከበረት ወጥቶ ግጦሹ ላይ ይሰማራል፤ ኩበቱ ከግቢ ተለቅሞ ምድጃ ይገባል። በመንደሩ ኪራይ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ጎረምሳ ሚስት አግብቶ ጎጆ ሲወጣ ቤቱን የሚሠራው በዘመድና በጎረቤት ጉልበት ነው፦ ምሰሶ ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጭቃው ይቦካል፣ ጣሪያው በሣር ይከደናል። የሚወጣው ወጪ በአብዛኛው ለሠራተኛው የሚቀርበው ምግብ ነው። ወጪው ግን በዚያ አያበቃም። የረዱት ሁሉ በተራቸው ሲገነቡ ባለጎጆው ሄዶ ይሠራል፤ ብድሩ በሰው ቀን ይመለሳል። እንዲህ የተሠራ ቤት በገበያ ዋጋ ቢገመት ትንሽ ነው፤ ለባለቤቱ የሚሰጠው ግን በየዓመቱ ከኪራይና ከመመላለሻ ነጻ የሆነ የሥራ ቦታ ነው።

ይህን ስንል ጊችን ገነት ማድረግ አይገባም። ርቀት እዚያም ነበረ፤ አቅጣጫው ብቻ ሌላ ነበር። መኪና የሚደርስበት መንገድ መንደሩ ድረስ አልገባም። ደባርቅ ገበያ ለመዋል ወደ አንድ ቀን የሚጠጋ ጉዞ ይጠይቅ ነበር። የምጥ ሕመም የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ነው የሚያወጧት። ከፍ ያለ ትምህርት መማር የሚሻ ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ከተማ ቤት መከራየት አለበት። ስለዚህ የጊች ቤተሰብ ደባርቅ ከመግባቱ በፊትም ኪራይን ያውቅ ነበር፤ ተማሪ ልጅ ያለው በየወሩ ይከፍላል። ከመንደሩ ለመውጣት ከተስማሙት አንዳንዶቹን የሳበው ሐኪም ቤቱና ትምህርት ቤቱ ቢሆን አያስደንቅም፤ የሚያስወቅስም አይደለም።

ሰው የት እንደሚኖር ሌላ ወገን የሚወስንበት ጉዳይ በጎንደር ምድር የቆየ ነው። በ1668 እ.ኤ.አ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ በጎንደር ከተማ የቃሐ ወንዝ ዳር የተቆረቆረው እስላም ቤት፣ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር፣ የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው። በደጋው ክርስቲያን ሀገር ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አይወርስም ነበር። ርስት የሌለው ሰው ወደ ንግድና ወደ ሽመና ያዘነብላል፤ ለነጋዴ ደግሞ ዋናው ነገር ቤቱ ለገበያና ለመንገድ መቅረቡ ነው። ርስት ያለው ገበሬ መንገድ ቢርቅ ግድ የለውም፤ ማሳው ይቅረብ እንጂ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ጎጆ ቢሠሩም ቤቱ የቆመበትን ቦታ የሚለኩበት ልክ የተለያየ ነው። የጊቾች ነገር ልዩ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሙስሊም ሆነው መሬት የያዙ ደገኛ ገበሬዎች ነበሩ፣ እንደ ገበሬም ነው የሚለኩት።

ደባርቅ ግን የመንገድ ልጅ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ አድዋና ምጽዋ የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ በዚህ ያልፋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 እ.ኤ.አ ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው። በ1930 ዓ.ም ገደማ ጣሊያኖች የሊማሊሞን ገደል ቆርጠው የመኪና መንገድ ሠሩ፤ በ1941 እ.ኤ.አ መስከረም መጨረሻ የወልቀፊት ምሽጋቸው እስኪወድቅም ያንኑ መተላለፊያ ይጠብቁ ነበር። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ ያደገችው በዚህ አስፋልትና አቧራ ዳር ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ከቤት ሁሉ ውዱ መንገድ ዳር ያለው ነው፤ ሱቅ ይሆናል፣ አልጋ ይከራይበታል። ከመንገዱ በራቀ ቁጥር ይረክሳል። ለአዲስ ገቢ የሚመራ ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ዳርቻው ላይ ነው።

በ1967 ዓ.ም የወጡ ሁለት አዋጆች ገጠሩንና ከተማውን በሁለት መንገድ ከፈሉት። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬውን ከጭሰኝነት አላቀቀው፤ መሬት መሸጥና መለወጥን ግን ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ፈቀደ፤ በወር ከ300 ብር በታች የሆነውን ኪራይ እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ብዙ ድሃ ቤተሰብ በርካሽ ኪራይ ለሥራው ቅርብ ሆኖ የኖረው በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ይህ ውለታ በቂ ምስጋና ያገኘ አይመስልም። የመሬቱ አዋጅ ትሩፋት ግን ለጊች ዓይነቱ ገበሬ ሌላ ፊት ነበረው። መሬቱን ማረስ እንጂ መሸጥ ስለማይችል፣ ቀዬውን ልቀቅ ሲባል ዋጋ የሚጠራበት ገበያ የለውም። የሚጠራለት መንግሥት ብቻ ነው።

ልቀቅ የሚለው ቃል ቀስ እያለ ነው የመጣው። ዋልያን ለመጠበቅ የታሰበው ፓርክ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተቋቋመ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ሲ. ደብልዩ. ኒኮል የተባለ ዌልሳዊ በጠባቂነት ሠርቶ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ ሥፍራው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን ግድም ደርግ ከሰሜናዊው ገደል ሥር ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን በግድ አስነሣ፤ የዚያ ትዝታ በአካባቢው ፓርክ ለሚለው ቃል መጥፎ ስም አትርፎለታል። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ አጋማሽ በፓርኩ ኃላፊነት ሲሠራ፣ የደጋው አፈር በእርሻ ምን ያህል እንደሚታጠብ አጠና። በ1996 እ.ኤ.አ ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ እምብርት የሚኖረውን ሕዝብ መቀነስ ነበር። ሌላው የድንበር መስመሩን እንደገና ማስመር ነው፤ ዳር ላይ ያሉ መንደሮች ከፓርኩ ውጭ ሆኑ፣ በምትኩ መሳሬርያና ሊማሊሞ ተጨመሩ። ለእነዚያ መንደሮች መስመሩ ተነሣላቸው። ጊች ግን መሐል ላይ ስለነበረች መስመር ሊዞራት አልቻለም፤ የተነሣው ሰው ሆነ። ከእሷ ቀድሞ በዋልያ መተላለፊያ ላይ የነበረችው የአርቋዝዬ መንደር ተነሥታለች። ጊች በተነሣች በዓመቱ፣ በሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ ክራኮቭ ላይ በተደረገው ጉባኤ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያውም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጓሳውም የሀገር ሀብት ናቸውና ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዋጋው የማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ግን አብሮ ሊነገር ይገባል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በጊዜው ሥራ ላይ የነበረው ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚህ ሕግ ቤቱ የሚተመነው ያንኑ የሚመስል ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ራሱ ዋጋ የለውም። ይዞታውን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይከፈለዋል። በወረቀት ላይ አሥር ዓመት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በብድር በተሠራ ጉልበት የቆመ የሣር ጎጆ በግንባታ ወጪ ሲገመት ዝቅተኛ ነው፤ ደባርቅ ላይ የሚሠራው ቤት ደግሞ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የተገዛ እንጨት፣ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። ማሳው ከደጅ መሆኑ፣ ኩበቱ በነጻ መገኘቱ፣ በቅሎው ጎብኚው የሚያልፍበት መንገድ ላይ መዋሉ በየትኛውም መስመር አልተጻፈም። በዓመት ገቢ ውስጥ የሚታየው የተሸጠውና የተወቃው ነው፤ ያልተከፈለው ኪራይና ያልተሄደው መንገድ ገቢ ተብሎ አይመዘገብም።

ደባርቅ ሲገቡ ርቀቱ ተገለበጠ። ሐኪም ቤቱና ትምህርት ቤቱ ቀረቡ። ሥራው ግን ሸሸ። ማሳ የለም፤ ለመንጋ የሚበቃ ግጦሽ በከተማ ዳርቻ አይገኝም፤ ስለዚህ ከብቱ ይሸጣል። በጓዝ ጫኝነት መሥራት የሚፈልግ ሰው በፓርኩ ውስጥ ወዳሉት የሳንቃበርና የቸነቅ ካምፖች መሄድ አለበት፤ ቀድሞ ጎብኚው ራሱ ደጁ ድረስ ይመጣ ነበር። ማገዶም፣ ዱቄትም፣ ውኃም በብር ሆነ። ካሳውን ቤት ሠርቶበት ትርፍ ክፍል ያከራየ ሰው ቢያንስ ሀብቱ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ ይራመድለታል። ብሩን ባንክ ያስቀመጠው ወይም ለዕለት ፍጆታ ያዋለው ግን ተጎዳ፤ በ2008 ዓ.ም መጨረሻ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

በአዲስ አበባም ይኸው ጉዳይ በሌላ መልኩ ይታያል። ከተማዋ ኮንዶሚኒየም የገነባችው ርካሽ መሬት ባለበት ዳርቻ ነው፤ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ከብዙ ሰው የሥራ ቦታ ይርቃሉ። ዕጣ የወጣላቸው ብዙዎች ቤታቸውን አከራይተው እነሱ መሐል ከተማ በኪራይ ይኖራሉ፤ ቁልፉን ይዘው፣ ወርሃዊ የባንክ ዕዳቸውን እየከፈሉ፣ ለሥራ የቀረበውን ክፍል ይመርጣሉ። ባለዕጣው ርቀቱ ከከበደው የሚያመቻምችበት መንገድ አለው ማለት ነው። የደባርቁ ተነሺ ይህ ምርጫ የለውም፤ ጊች ላይ ተከራይቶ ማረስ አይቻልም።

ከተማዋም ባለችበት አልቆመችም። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም በ2010 ዓ.ም ማስተማር ጀመረ፤ ተማሪ፣ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ፈላጊ ሆነው መጡ። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ሲቪሎች አለቁ፤ ተፈናቃዮች ዳባትንና ደባርቅን ሞሉ። አከራይ ለሆነ ሰው ፈላጊ መብዛቱ ይጠቅማል፤ ተከራይ ለሆነ ይከብዳል። በኮቪድና በጦርነቱ ሳቢያ ጎብኚ ሲጠፋ ደግሞ በበቅሎና በጓዝ ላይ የተንጠለጠለው ገቢ አብሮ ጠፋ።

አዋጅ ቁጥር 455ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የአሥር ዓመቱን ብዜት ወደ 15 ከፍ አደረገው፤ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥንም በካሳ ስሌት ውስጥ አስገባ። የወጣው ግን ጊች ከተነሣች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም የወጡት አባወራዎች ካሳ በአሥር ዓመት ገቢ ከታሰበ፣ አሥሩ ዓመት የሚሞላው በሰኔ 2018 ዓ.ም ነው። ያኔ በሰባት ዓመቱ ደባርቅ የገባ ልጅ 17 ዓመት ይሞላዋል፤ ጎጆ መውጫው ቀርቧል። ጊች ቢሆን አባቱ ከማሳው ቆርሶ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ ያቆምለት ነበር። ደባርቅ ላይ የአባቱ ቦታ ለአንድ ቤት የተመራ ነው፤ አዲስ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው። ልጁ ወይ ጨረታ ይወዳደራል፣ ወይ ተራ ይጠብቃል፣ ወይ ይከራያል። ከሦስቱ የትኛውንም ቢይዝ፣ ወላጆቹ ሲነሡ የተቀበሉት ካሳ ለእሱ ጎጆ አልታሰበም።