ባለ ቀንዱ እስክንድር
የሊሲማኮስ ባለ አራት ድራክማ ሳንቲም
ብር፤ 17 ግራም ገደማ
ትራክያ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 297–281 ገደማ

ከታላቁ እስክንድር ጆሮ በላይ የተጠማዘዘውን የአውራ በግ ቀንድ ልብ ይበሉ። የአሞን ምልክት ነው፤ መቄዶንያዊው ድል አድራጊ ግብጽን ከያዘ በኋላ በ331 በረሃውን አቋርጦ ሲዋ የደረሰው የዚህን አምላክ ቃል ለመስማት ነበር። ከጥንት መልኮቹ እጅግ ከሚያምሩት አንዱ የሆነውን ይህን ምስል ያስቀረጸው ግን እሱ ራሱ አይደለም። በ323 ባቢሎን ውስጥ ሲሞት የጦር አለቆቹ ግዛቱን ተቀራመቱት፤ የቅርብ ጠባቂው የነበረው ሊሲማኮስም ትራክያን ያዘ፣ በኋላም የሟች ጌታውን መልክ በገንዘቡ ላይ አወጣ። በጀርባው አቴና ተቀምጣለች። በእጇ ያለችው የድል አምላክ አክሊል የምትደፋው ለእስክንድር ሳይሆን “የንጉሥ ሊሲማኮስ” በሚለው ጽሑፍ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ብር ለወታደሮች ደመወዝ ይከፈል ነበር።