ቅድመ ንባብ፦ ፋይልን ከመጠየቁ በፊት ወደ ሚሞሪ ማምጣት

ኮምፒውተሩ እንደተነሳ ከባድ ፕሮግራም ስንከፍት ያንገራግራል። ዘግተን ወዲያው መልሰን ብንከፍተው ብድግ ይላል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አንዴ ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ፕሮግራሙ ስለተዘጋ ብቻ አይጥለውም፤ ሥራ ፈት በሆነው ራም ላይ ያቆየዋል። ማቆያው ፔጅ ካሽ ይባላል፤ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥበት ነው።

የመጀመሪያውን መንገራገር ለማስቀረት፣ ፋይሉ ከመጠየቁ በፊት ወደ ፔጅ ካሽ ማምጣት ፕሪሎዲንግ ይባላል። በአማርኛ «ቅድመ ንባብ» ብለነዋል። «ቅድመ ጭነት» የሚል አማራጭ አለ፤ ነገር ግን መጫን ሲባል ሶፍትዌር መጫን ሆኖ ስለተለመደ፣ ሰሚው ከነስልኩ የሚመጣ አፕ ይመስለዋል። እዚህ የሚሠራው ማንበብ ብቻ ነው።

ጥቅሙን ለማየት የድሮውን ሃርድ ዲስክ እናስብ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የተፈለገው መረጃ ማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ 4 ሚሊሰከንድ ያህል፣ ይጠበቃል። ራም በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይመልሳል፤ ልዩነቱ 40 ሺህ እጥፍ ያህል ነው። አንድ ፕሮግራም ሲነሳ ደግሞ በየቦታው የተበተኑ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ተራ በተራ ይጠይቃል፤ በእያንዳንዱ ይጠብቃል። ፋይሎቹ አስቀድመው ከታወቁ ግን በዲስኩ ላይ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል በአንድ ጉዞ ይሰበሰባሉ። ኤስኤስዲ መሽከርከሩን አስቀርቷል፤ ከራም ጋር ያለው ርቀት ግን ዛሬም በመቶዎች እጥፍ ነው።

የትኛው ፋይል እንደሚፈለግ የሚገምተው አንዳንዴ ሲስተሙ ራሱ ነው። ሊኑክስ አንድ ፋይል በተከታታይ እየተነበበ መሆኑን ሲያይ፣ በተለመደው ቅንብር እስከ 128 ኪሎባይት ቀድሞ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮግራሞች በተነሱባቸው የመጀመሪያ 10 ሰከንዶች የሚነኳቸውን ፋይሎች መዝግቦ በቀጣዩ ጊዜ ቀድሞ ያመጣ ነበር። ቪስታ ይህን ሱፐርፌች ብሎ አሰፋው።

አንዳንዴ ደግሞ ሰው ያዛል። በሊኑክስ አንድ ፕሮግራም ሲስተሙን «ይህን ፋይል ቀድመህ አንብብ» የሚልበት ሪድአሄድ የሚባል ጥሪ አለ። ዳግ ሆይት የሠራው ቪኤምተች የተባለ ፕሮግራም፣ አንድ ፋይል ስንት ገጹ ካሽ ውስጥ እንዳለ ቆጥሮ ያሳያል፤ ከታዘዘም የቀረውን አንብቦ ይሞላል። ፖስትግሬስ ዳታቤዝም ከ2014ቱ 9.4 እትም ጀምሮ ሠንጠረዦችን ቀድሞ ወደ ካሽ የሚያስገባ ፒጂ ፕሪዋርም የተባለ ተጨማሪ ይዟል፤ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ገና ባልሞላ ካሽ እንዳይጉላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ካላወቁ ቅድመ ንባብን አለመንካቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ራም ውስን ነው፤ 50 ጊጋባይት ፋይል በ16 ጊጋባይት ማሽን ላይ ቀድሞ ማንበብ ሌሎች በሥራ ላይ ያሉ ገጾችን አባርሮ፣ በመጨረሻም የራሱን መጀመሪያ ይጥላል። በሌላ በኩል በሊኑክስ «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ በካሽ የተያዘውን ብዛት አይቶ የሚደነግጥ አይጠፋም። መታየት ያለበት «አቬይለብል» የሚለው ዓምድ ነው፤ በካሽ የተያዘው አብዛኛው ሚሞሪ ፕሮግራም ሲፈልገው ይለቀቃልና። አንድ ፋይል በምንም ምክንያት ከሚሞሪ እንዳይወጣ የግድ ከሆነ፣ ቅድመ ንባብ ይህን ዋስትና አይሰጥም፤ ገጾቹን በሚሞሪ ላይ የሚቆልፈው ኤምሎክ የተባለው ሌላ ጥሪ ነው።