የአውሳብዮስ አሥሩ ቀኖናትና የዘመናችን የመረጃ ቋት

ከጥንታውያን የብራና ወንጌሎቻችን አንዱን የገለጠ ሰው፣ ገና የማቴዎስ ቃል ሳይጀመር፣ በአዕማድና በቅስቶች መካከል የተደረደሩ፣ በሐረግና በአዕዋፍ ሥዕል የተከበቡ የግእዝ አኃዞችን ያገኛል፤ ብዙው ተመልካችም የሥዕሉን ውበት አድንቆ አኃዞቹን ሳይመረምር ያልፋቸዋል። እነዚያ አኃዞች ግን የቂሣርያው ጳጳስ አውሳብዮስ በአራተኛው ምዕት ዓመት ያዘጋጀው፣ በአራቱ ወንጌላት ውስጥ የሚመሳሰለውን ንባብ ፈልጎ የማግኛ መሣሪያ ናቸው፤ ዛሬ ባንኩም ሆስፒታሉም አየር መንገዱም የሚገለገሉበት የመረጃ ቋት የቆመበት ዋና ሕግ በእነርሱ ውስጥ ይገኛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አውሳብዮስ መምህሩ ሰማዕቱ ጳምፊሎስ በቂሣርያ ያሰባሰበውን የታላቁን ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ያዘጋጀ ሰው ስለ ነበረ፣ የመጽሐፍ መኖርና የሚፈለገው ንባብ መገኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሳይረዳ አልቀረም። ዛሬ የምንገለገልበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው ምዕት ዓመት፣ የአዲስ ኪዳን የቁጥሩ አከፋፈል ደግሞ በ1551 እ.ኤ.አ. የመጣ ነውና፣ በእርሱ ዘመን አንባቢ ይህን የመሰለ መሪ አልነበረውም። ከእርሱ አስቀድሞ እስክንድራዊው አሞንዮስ ማቴዎስን መሠረት አድርጎ፣ ከሦስቱ ወንጌላውያን የሚመሳሰለውን ንባብ እያወጣ በማቴዎስ ጎን አኑሮት ነበር፤ ድካሙ የሚመሰገን ቢሆንም፣ የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ ትረካ ከዚህ የተነሣ ተቆራርጦ ቅደም ተከተሉን አጣ።

አውሳብዮስ ለቀርጵያኖስ በጻፈው መልእክት ይህን ጉድለት ካመለከተ በኋላ የራሱን መንገድ ያስረዳል። ከቅዱሱ ንባብ አንዲት ቃል ሳያንቀሳቅስ፣ እያንዳንዱን ወንጌል በክፍል በክፍል ለይቶ፣ ማቴዎስን ለምሳሌ በ355 ክፍል፣ በየኅዳጉ ተራ ቁጥር ሰጠው፤ ከቁጥሩም በታች በቀይ ቀለም ሌላ ቁጥር ጨመረ፤ ይህም ከአሥሩ ሰንጠረዦች፣ ማለት ከአሥሩ ቀኖናት፣ የትኛውን መግለጥ እንደሚገባ ይናገራል። የመጀመሪያው ቀኖና አራቱም የሚተባበሩበትን፣ ተከታዮቹ ሦስቱ ወይም ሁለቱ የሚተባበሩበትን፣ አሥረኛው ደግሞ ለየወንጌላዊው ብቻ የሆነውን ይዘዋል። ማቴዎስን ሲያነብ ስለ መጥምቁ «በምድረ በዳ የሚጮኽ ድምፅ» የሚለውን ንባብ ያገኘ ሰው በኅዳጉ 8ን፣ ከሥሩም 1ን ያያል፤ አንደኛውን ቀኖና ገልጦ ረድፉን ሲከተል ፰፣ ፪፣ ፯፣ ፲ ተጽፎ ያገኛል፤ እንግዲህ ማርቆስን በ2፣ ሉቃስን በ7፣ ዮሐንስን በ10 መክፈት ብቻ ይቀረዋል።

የሰውየው ጥንቃቄ ደግሞ ከዚህ በታች ባለው ረድፍ ጎልቶ ይታያል። የማቴዎስ 11ኛ ክፍል በዮሐንስ ዘንድ በ6፣ በ12፣ በ14 እና በ28 የሚመሳሰሉት ንባቦች ስላሉት፣ አውሳብዮስ አራቱን ቁጥሮች በአንድ ሥፍራ አላጨናነቃቸውም፤ 11ን አራት ጊዜ ደግሞ ጽፎ ለእያንዳንዱ የራሱን ረድፍ ሰጠው። ይሁን እንጂ ረድፎቹ የማቴዎስን ተራ የሚከተሉ በመሆናቸው፣ በመጀመሪያው ረድፍ 10 የነበረው የዮሐንስ ቁጥር በሁለተኛው ወደ 6 ይመለሳል፤ ከዮሐንስ ተነሥቶ የሚፈልግ አንባቢ ስለዚህ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ መፈተሽ ግድ ይሆንበታል። ሶርያውያን ጸሐፍት ይህን ድካም ለማቃለል ሲሉ የሚመሳሰሉትን ቁጥሮች በየገጹ ግርጌ እስከ መጻፍ ደርሰዋል።

ከ1,600 ዓመት በኋላ፣ በ1970 እ.ኤ.አ.፣ በካሊፎርኒያ የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ መዛግብት ሁሉ በረድፍና በዓምድ እንዲቀመጡ፣ በአንዱ ሥፍራ አንድ ነገር ብቻ እንዲጻፍ፣ ጠያቂውም መዝገቡ በማሽኑ ውስጥ በየት በኩል እንደ ተቀመጠ ሳያውቅ መጠየቅ እንዲችል ሐሳብ አቀረበ። ኮድ ከአውሳብዮስ ተማረ ማለቴ አይደለም፤ የመዝገቡ አቀማመጥ ሌላ፣ የፍለጋው መንገድ ሌላ መሆን እንዳለበት ሁለቱም ደረሱበት እንጂ። በዚያው ዓመት በቦይንግ የምርምር ክፍል የነበሩት ሩዶልፍ ባየር እና ኤድዋርድ መክራይት ቢ-ትሪ የተባለውን ማውጫ አቀረቡ፤ ይህም መለያዎችን በተራ ደርድሮ፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየመራ ወደሚፈለገው መዝገብ የሚያደርስ ነው። አንዱ ገጽ 1,000 መለያዎችን ቢይዝ፣ ሦስት ገጾችን ብቻ በማንበብ ከ1,000,000,000 መዛግብት መካከል አንዱን ማግኘት ይቻላል፤ ማውጫ ከሌለ ግን ማሽኑ መዛግብቱን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ይውላል። በስም የሚፈልግና በስልክ ቁጥር የሚፈልግ ሰው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማውጫ ያስፈልጋቸዋል፤ የዮሐንስ አንባቢ ችግርም ይኸው ነበር።

ማውጫ ዋጋ እንደሚያስከፍልም መዘንጋት አይገባም። አዲስ መዝገብ በገባ ቁጥር ማውጫው ሁሉ አብሮ መታደስ አለበት፤ ከመዝገቡ ጋር ያልተስማማ ማውጫ ደግሞ ከናካቴው ካለመኖሩ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የሌለውን እንዳለ፣ ያለውንም እንደሌለ እየመሰከረ ፈላጊውን ያሳስተዋል። ጸሐፍት የአውሳብዮስን ሰንጠረዥ ሲገለብጡ አንዱን አኃዝ ከሌላው እያለዋወጡ፣ ወይም አንዱን ረድፍ እየዘለሉ፣ አንባቢን ወዳልታሰበ ንባብ የመሩባቸው ቅጂዎች ብዙ ናቸው።

በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት፣ በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕት ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተዘጋጁ የተገመቱት የግእዝ ወንጌሎች እነዚህን ቀኖናት ከነሥዕላቸው ይዘው ለእኛ ደርሰዋል። ስለዚህ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የብራና መጻሕፍትን በካሜራ ለምታነሡ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ፦ ኅዳጉን ቆርጣችሁ አታስቀሩ፤ ቀዩ ከጥቁሩ ተለይቶ እንዲነበብ በቀለም አንሡ፤ የሰንጠረዡንም ቅጠሎች በሥዕልነታቸው ብቻ ሳይሆን ቁጥር በቁጥር መዝግቡልን።