«አይዞህ» ማለትና ማስረዳት

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖረው ሕዝባችን አጥንቱ ሲሰበር ወደ ወጌሻ፣ ጠጕር ዐይኑን ሲወጋው ወደ ወረንጦ ሲሄድ ኖሯል። በዚያ ጊዜ ሕመምተኛው ብቻውን አልነበረም፤ አንዱ ዘመድ እጁን ይይዛል፤ ሌላው «አይዞህ» ይለዋል፤ የነፍስ አባቱም ይጸልዩለታል። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን የፍርሃት ማብረጃው ይኸው ነበር።

በ1947 ዓ.ም. በጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊ ሕክምና ወደዚህ አገር እየቀረበ መጣ። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ወደ ተዘጋ ክፍል ሲገባ አስታማሚው ከደጅ ቀረ፤ እጅ የሚይዘው ዘመድም አብሮ ቀረ።

ይህ ጉድለት በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1846 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ሐኪም ቤት፣ ኤተር በተባለው ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና በአደባባይ ሲደረግ ሥቃይ ድል ሆነ ተባለ፤ ፍርሃት ግን ከሕመምተኛው ጋር ቀረ። በዚያው ሐኪም ቤት ሎረንስ ኤግበርት የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሆዳቸውን ስለሚቀደዱ 97 ሕመምተኞች ያደረጉትን ምርመራ በ1964 አሳተሙ። ለአንደኛው ወገን በዋዜማው ቀርበው ከቀዶው በኋላ የት እንደሚያመው፣ እንዴት መተንፈስና መገላበጥ እንደሚገባው አስረዱት። ይህ ወገን የወሰደው የሕመም ማስታገሻ በግማሽ ያህል አነሰ፤ ወደ ቤቱም ቀድሞ ተመለሰ።

ይህ ትምህርት ለእኛ የሚጠቅመን በተለይ በትራኮማ ነው። ይህ በሽታ በአማራ ክልል እጅግ የተስፋፋ ሲሆን፣ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አጥፎ ብሌንን እየፋቀ ያሳውራል። ቀዶው ለዚሁ በሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሠራል፤ የሚደነዝዘው ሽፋኑ ብቻ ስለሆነ ሕመምተኛው ነቅቶ ሁሉን ይሰማል። ሕመሙ የጸናባት እናት ቢላዋውን ፈርታ ከወረንጦዋ ጋር ብትቀር ዐይኗን እስከ ማጣት ትደርሳለች።

ስለዚህ «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ማለት ብቻውን አይበቃም። መርፌው እንደሚያም፣ ከዚያ በኋላ ግን መነካካትና መጐተት እንጂ ሥቃይ እንደማይሰማት፣ ዐይኗም ታሽጎ እንደሚያድር አስቀድሞ ቢነገራት፣ ቀድማ የታከመች ጎረቤቷም ብትመሰክርላት፣ ልቧ ይረጋል። እጅ መያዝን ከአባቶቻችን፣ ማስረዳትን ከሊቃውንቱ ወስደን ሁለቱን ብናስተባብር፣ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኀኒት ይሆንልናል ብለን እናምናለን።