ስለ ትንቢት ዘመናት አቈጣጠር፤ እንደ ቃሉ ነውን ወይስ በምሥጢር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት የሚቀደስበት በዓል ነው። በዓላችን ራሱ በቍጥር የቆመ ስለ ሆነ፥ በቅዱሳት መጻሕፍት ዘመን እንዴት እንደሚቈጠር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በትንቢት የተነገረ ዘመን ሁሉ በአንድ መንገድ አይፈታም። ኤርምያስ ስለ ባቢሎን ምርኮ የተናገረው 70 ዓመት እንደ ቃሉ ዓመት ነው፤ ቤተ መቅደሱ በ586 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ፈርሶ በ516 ገደማ ተሠርቶ ተፈጽሟልና። ዳንኤል ግን ይህን ዘመን በመጽሐፍ ተመልክቶ ሲጸልይ መልአኩ ገብርኤል 70 ሱባዔ ነገረው፤ መምህራንም የዓመት ሱባዔ ነው ብለው 490 ዓመት አሉት። ይህንም ያሉት ከልባቸው አንቅተው አይደለም፤ በዘኍልቍ ምዕራፍ 14ና በሕዝቅኤል ምዕራፍ 4 አንዱ ቀን ስለ አንድ ዓመት መቈጠሩን መጽሐፍ ራሱ ስለ ገለጠ ነው። አባቶቻችንም ለአዳም የተሰጠውን የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፥ አንዱን ቀን እንደ ሺህ ዓመት ቈጥረው 5500 ዓመት አሉት፤ ዓመተ ዓለማችንም በዚህ ላይ ቆሟል።

ነገር ግን ከዚሁ ቍጥር ፍርሃት ተወለደ። ዓለም በ7000 ዓመት ያልፋል የሚሉ በብዙ አገር ተነሡ። በመስኮብ አገር 7000 ዓመት በነርሱ አቈጣጠር እንደ አውሮፓውያን በ1492 ሲፈጸም፥ የፋሲካ ሠንጠረዣቸው እስከዚያው ብቻ ተጽፎ ነበር፤ ዓለምም ስላላለፈ ሜትሮፖሊት ዞሲማና የኖቭጎሮዱ ሊቀ ጳጳስ ጌናዲ አዲስ ሠንጠረዥ ማውጣት ግድ ሆነባቸው።

በእኛ አገር 7000 ዓመት የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ ጸልየው በዚያው ዓመት ዐረፉ ይባላል። በ1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል በሽምብራ ኩሬ ድል ሆኑ፤ እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስም አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ መጻሕፍት ጠፉ። በዚያ መከራ ውስጥ የነበረ ሰው ፍጻሜ ደረሰ ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን የተረፉት ካህናት የተቃጠለውን ሠሩ፥ የጠፋውን መልሰው ጻፉ፥ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። ጊዜው አልቋል ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ ኖሮ፥ ዜማውም ቅኔውም ከእኛ ባልደረሰ ነበር።

በአሜሪካም የዊልያም ሚለር ተከታዮች የዳንኤልን 2300 ቀን ዓመት አድርገው ቈጥረው፥ ጌታ እንደ አውሮፓውያን ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ አንዳንዶቹም አዝመራቸውን ሳያጭዱ ተዉ። ቀኑም አለፈ። እንግዲህ ስሕተቱ ምሥጢር መፈለግ አይደለም፤ እግዚአብሔር የሰወረውን ቀን ቈርጦ መናገር ነው እንጂ።

የቅኔ ተማሪ እንደሚያውቀው፥ ሰሙ ሳይቀናጅ ወርቁ አይገኝም፤ በሰሙ ብቻ የቀረም ወርቁን አያይም። ስለዚህ መምህር አስቀድሞ ነጠላውን ይፍታ፤ አንድም ሲል መጽሐፍ የሰጠውን ቍልፍ ይያዝ፤ ቍልፍ በሌለበት ዝም ይበል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 የዚያችን ቀን ዕውቀት ከሰው ሰውሯልና።

የባሕረ ሐሳባችን ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ ሲፈጸም ከአንድ ይጀምራል እንጂ በዚያ አይቆምም። ይህም ደብራችን 50 ዓመቱን ፈጽሞ 51ኛውን በጸሎትና በትምህርት ይጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።